እንሰትህ ላይ የተንጠለጠለው ሙዝ

የምሕረት አባት፣ የኔ ሰው ቶማስ፤

በሰላም እንዳረፍክ አምናለሁ። ከተለያየን አራት ዓመት ሊሞላ ነው። ለቅሶህ ያለቀ ሰሞን፣ ቤት ውስጥ መቀመጥ ሲያቅተኝ፣ ከጓሮ ነቅዬ ያዛወርኳቸው የእንሰት ችግኞች ዛሬ ከቤቱ ክዳን በላይ ሆነዋል። እነሱን ቀና ብዬ ሳይ ነው ከሄድክ ምን ያህል እንደቆየህ የሚገባኝ። እስከ ዛሬ ሳልጽፍልህ የቀረሁት ረስቼህ አይደለም፤ በጸሎቴም በወሬዬም ውስጥ አለህ። አሁን ብዕር ያነሳሁት ግን ናፍቆት ብቻ አስነስቶኝ እንዳይመስልህ። አፍሬ ነው። ሌላ ሰው ከሚነግርህ እኔው ልንገርህ ብዬ ነው፣ እዚያ ማን እንደሚነግርህ ባላውቅም።

አስቀድሜ የቤቱን ወሬ። በራችን ፊት ያለው መንገድ ኮብልስቶን ተነጥፎበታል። ክረምት በመጣ ቁጥር ጫማህን በእጅህ ይዘህ የምትገባበት ጭቃ የለም፤ ባጃጅ እስከ አጥራችን ድረስ ይመጣል። ሳሎኑ ላይ የሚያፈሰው ቆርቆሮ ተቀይሯል። ከመጸዳጃ ቤቱ አጠገብ የተከልከው አቮካዶ፣ አያፈራም ብለህ ልትቆርጠው የነበረው፣ አሁን እኛን አልፎ ለጎረቤት ተርፏል። ልጃችን ምሕረት አዲስ አበባ ሥራ ይዛለች። ቴሌቪዥን ገዝታ ላከችልኝ፤ የማስቀምጥበት ቦታ ሳጣ በመስኮቱ ሥር ያለው የሥዕል ጠረጴዛህ ላይ አደረግኩት። አትቆጣ፣ ቀለም የተንጠባጠበበትን ጎን አልሸፈንኩትም።

ትልቁ ወሬ ግን ሌላ ነው። አልጋችን ሥር በካርቶን አስቀምጠሃቸው የሄድካቸው የአንጁሎ ሥዕሎችህ ተሰብስበው መጽሐፍ ሆነዋል። ወፍራም ልባስ ያለው፣ ወረቀቱ የሚያንጸባርቅ፣ በሁለት እጅ የሚያዝ መጽሐፍ። ከጀርባው ባርኔጣህን አድርገህ የተነሳኸው ፎቶ አለበት። መጽሐፉን መጀመሪያ ሳቅፈው አልቅሻለሁ። የኀፍረቴም ነገር የሚጀምረው ከዚሁ መጽሐፍ ነው።

ሰው ሁሉ የሚያውቅህ በግብርና ጽሕፈት ቤቱ ሠዓሊነትህ ነበር፤ የእርከን አሠራር፣ የማዳበሪያ አጠቃቀም፣ የከብት ክትባት ፖስተር። የልብህ ሥራ ግን ማታ ከቢሮ መልስ በካሬ በካሬ ከፋፍለህ በጥቁር ቀለም የምትስለው የአንጁሎ ታሪክ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ከሥራ ለማምለጥ ከሥራው በላይ የሚደክም ገበሬ። ሚስቱ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ከእንሰቷ የማትለይ፣ ምላሷ የሰላ ሴት። እሷ እኔ እንደሆንኩ ከተማው ሁሉ ያውቅ ነበር፣ አንተ ግን እስከ መጨረሻው አላመንክም።

የጨረስከውን ትልቅ ወረቀት ቢሮ አትለጥፈውም፣ ትምህርት ቤትም አትወስደውም። ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከገጠር የሚመጡት ሴቶች ሸክማቸውን አውርደው የሚያርፉበት ቦታ ላይ ያለውን አጥር ታውቀዋለህ። እዚያ ትሰቅለውና መኪና እንደሚጠብቅ ሰው ባርኔጣህን ዝቅ አድርገህ ማዶ ትቆማለህ። አብዛኞቹ ማንበብ አይችሉም። አንተም የምትፈልገው እሱን ነበር። ጽሑፉን ማንም ሳያነብላቸው ከሳቁ ሥዕሉ አለፈ። ዝም ብለው አይተው ሸክማቸውን ካነሱ ግን አውርደህ ታመጣውና ከመጀመሪያው ካሬ ጀምረህ እንደገና ትስለዋለህ። የኔ አንባቢ ሸክሟን አውርዳ የምታርፍ ሴት ናት ትለኝ ነበር።

አስተያየታቸውንም ይዘህልኝ ትመጣለህ። ከበዴሳ በኩል የመጣች አንዲት ሴት፣ ሰነፍ ሰው እንዲህ የወፈረ ፍየል ከየት አመጣ ብላለች ብለህ ፍየሏን አከሳሃት። ሌላዋ ደግሞ የአንጁሎ ሚስት ቢላውን በግራ እጇ መያዟን አይታ፣ ይቺ ሴት ግራኝ ናት እንዴ ስትል ሰምተህ እራትህን ሳትጨርስ ተነስተህ እጇን አስተካከልክ። እኔ የምነግርህን ስንት ጊዜ ችላ ብለሃል፣ ስሟን የማታውቃት የገበያ ሴት የተናገረችውን ግን እንደ ወንጌል ነበር የምትይዘው። አልቀናሁም አልልህም።

ከሁሉ የምትወዳት ሥዕል የትኛዋ እንደነበረች አልረሳሁም። የወረዳው የግብርና ባለሙያ አንጁሎን ሞዴል አርሶ አደር ብሎ ሊሾመው እርከኑን ለማየት ይመጣል። እርከን የሚባል ነገር የለም። አንጁሎ ሮጦ የሚስቱ እንሰት ውስጥ ይደበቃል። ሚስቱ መደበቁን አታውቅም፤ ቆጮ የምትጠቀልልበት ቅጠል ፈልጋ አንዱን ትቆርጣለች፣ ሌላውን ትቆርጣለች። በመጨረሻው ካሬ ባለሙያው እንሰቱ ፊት ቆሟል፣ ከሁለት ቅጠል መሃል ደግሞ የአንጁሎ ሁለት ዓይኖች ብቻ ይታያሉ።

ያቺን ሥዕል ስትስል እኔ ጓሮ ውስጥ ከጠዋት እስከ ቀትር ቅጠል ይዤ ቆሜልሃለሁ። ይቺ ማዚያ ናት፣ ያቺ ሃላ ናት እያልኩ የእንሰቶቼን ዓይነት እየነገርኩህ፣ አንተ ደግሞ የአንዷን ቅጠል አቋቋም ከሌላዋ እየለየህ። ወጡ አረረ ብዬ ብጮህም አልለቀቅከኝም። አጥሩ ላይ የተሰቀለች ቀን ሴቶቹ መሬት ላይ ተቀምጠው ነበር የሳቁት። ቤት ስትገባ መጥተህ አጠገቤ ተቀመጥክና እራትህን ፈገግ እያልክ በላህ። የዚያን ዕለት ደስታህን ነው ያበላሸሁብህ።

እንዲህ ሆነ። ምሕረት ሥዕሎቹን አዲስ አበባ ይዛ ሄዳ መጽሐፍ ለሚያዘጋጁ ወዳጆቿ አሳየቻቸው። ናትናኤል የሚባል ልጅ አለ፣ ገጹን በኮምፒውተር የሚያቀናብረው እሱ ነው። ሥራህን በጣም ወደደው። ጥቁርና ነጭ ብቻውን ዛሬ ገዢ አይስብም፣ ቀለም እንጨምርበት አለ። ለወራት ከሌላ ሥራው እየቀነሰ፣ ለእኛ ብሎ፣ ያለ ክፍያ ሠራው። ልጁ ሶዶን አይቷት አያውቅም። እንሰትም አይቶ አያውቅም።

ከመታተሙ በፊት እናትሽ ትየውና ትመርቀን ብለው አዲስ አበባ አስጠሩኝ። ያቺን የተከበርኩባትን ቀን አልረሳትም። ምሳ ጋበዙኝ፣ ወንበር ሳቡልኝ፣ ናትናኤል ከኮምፒውተሩ አጠገብ አስቀምጦ ገጾቹን እያንዳንዳቸውን ገለጠልኝ። የአንጁሎ ሸሚዝ ሰማያዊ ሆኗል፣ አፈሩ እንደኛ አፈር ቀይ ሆኗል፣ እኔም አረንጓዴ ቀሚስ ለብሻለሁ። ደስ እያለኝ አየሁ። ከዚያ ያቺ ገጽ መጣች። እንሰቴ ላይ ቢጫ የሙዝ ዘለላ ተንጠልጥሏል።

ልጁ ቅጠሉን ሲያይ ሙዝ መስሎታል። ፍሬውን መሳል የረሳህ መስሎት ሊረዳህ አስቦ ጨመረልህ። ይባስ ብሎ፣ በመጨረሻው ካሬ ዘለላው ያረፈው በሁለቱ ቅጠሎች መሃል ነው። የአንጁሎ ዓይኖች የሉም። ናትናኤል ፊቴን እያየ፣ እናቴ፣ አምሯል አይደል አለኝ።

አምሯል አልኩት። እጅህ ይባረክ አልኩት።

ለምን አልክ ብትለኝ የምሰጥህ መልስ አንተም የምታውቀው ነው። እኛ ዘንድ ሰው ለደከመልህ ሥራ ምስጋና እንጂ ነቀፋ አይነገርም። ምሳቸውን በልቼ፣ ያንን ሁሉ ልፋት አይቼ፣ በጓደኞቹና በልጄ ፊት ልጁን ማሳፈር ከበደኝ። ምሕረት ከሌሎቹ ጋር እያወራች ገጿን አላስተዋለቻትም፤ ኋላ እነግራታለሁ ብዬ አሰብኩ። አውቶቡሱ ሶዶ እስኪገባ ድረስ ኋላ እያልኩ መጣሁ። ከዚያም አንዲት ገጽ ናት፣ ማን ያያታል አልኩ። በገዛ አገራችን እንሰትን ማን ያያል አልኩ፣ አስበው።

የመጽሐፉ ምረቃ እዚሁ ሶዶ ከጊፋታ ቀጥሎ ባለው ሳምንት ነበር፣ ለበዓል የመጣው ሰው ገና ሳይበተን። አዳራሹ ሞላ። ምሕረት ከሥራ ፈቃድ አጥታ ቀርታለች፤ ከአዲስ አበባ የመጡት እንግዶች ከፊት ረድፍ ከእኔ ጋር ተቀመጡ፤ ናትናኤል በቀኜ ነበር። የመድረኩ መሪ የአንባቢን አስተያየት ጠየቀ። ምሕረትን አራተኛ ክፍል ያስተማሯት ጋሽ ላሊሶ ተነስተው፣ መጽሐፉ ያምራል፣ ግን አንጁሎ በጥቁር ቀለም ሲሳል ይበልጥ ይከሳ ነበር፣ ቀለሙ ትንሽ አወፍሮታል አሉ። አንዱ ወጣት ለልጆቼ የማሳያቸው የአገሬ ሥዕል አገኘሁ አለ። ጥሩ ጥሩ ነገር እየተባለ ሳለ ከገሱባ የመጣ አንድ ጎልማሳ ያቺን ገጽ ገልጦ ከፍ አድርጎ አሳየና በራሳችን ቋንቋ፣ ወንድም ቶማስ ጥሩ ሰው ነበር፣ ግን ቢሮ ውስጥ ብዙ ተቀምጧል መሰለኝ፣ እንሰቷ ሙዝ ወለደለት አለ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። በክፋት አልነበረም፤ እንደሚወዱት ሰው ነው የሳቁብህ። ግን ሳቁብህ። ወላይታ ተወልዶ እንሰት የማያውቅ ሰው አደረጉህ። ናትናኤል ወደ እኔ ጠጋ ብሎ ምን ሆነው ነው አለኝ። ቀልዳቸው ነው አልኩት። እሱም ሳቀ፤ እኔም፣ የምሕረት አባት፣ አብሬ ሳቅኩ። ምነው ያን ጊዜ ብነሳ። ሁለት እርምጃ ነበር መድረኩ። እንግዳ ላለማሳፈር ብዬ የራሴን ሰው አሳፈርኩ፤ እንግዳው በሕይወት ስላለ ይከፋዋል፣ አንተ ግን አትሰማም ብዬ ይሆናል።

ከዚያ በኋላ አስተያየቱ በየመንገዱ ይከተለኝ ጀመር። ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ተማሪ ለጓደኛው ያቺን ገጽ ያሳያል። ለገበያ ስወጣ ሙዝ ሻጩ፣ ከእናንተ ጓሮ የመጣ ነው ብሎ ይቀልድብኛል። ከልባቸው የሚያመሰግኑም ነበሩ፤ ስልክ ደውለው እያለቀስን ሳቅን የሚሉ። እነሱን ስሰማ ይባስ እሸማቀቃለሁ። ምሕረት ደውላ ሰው ምን ይላል ስትለኝ፣ ወደውታል እላታለሁ።

አንድ ቀን ለጉልበቴ ዱቦ ሆስፒታል ሄድኩ። ወረፋ የምንጠብቅበት አግዳሚ ላይ መጽሐፍህ ተቀምጧል፤ አንዱ ታካሚ ትቶት ሄዶ ይሆናል። ከጎኔ ከገጠር የመጡ ሦስት ሴቶች አንስተው ይገልጡ ጀመር። ማንበብ አይችሉም፤ አንተ የምትፈልጋቸው ዓይነት ናቸው። ባርኔጣህን አድርጌ ማዶ የቆምኩ መሰለኝ። ፍየሏ ጋ ሲደርሱ ሳቁ። አንጁሎ ዶማውን ቀብሮ ጠፋብኝ ሲል ሳቁ። እንሰቷ ጋ ደረሱ። ባለሙያው መጣ፣ አንጁሎ ሮጠ፣ ሚስቱ ቅጠል ቆረጠች። በመጨረሻው ካሬ ላይ ቆሙ። አልሳቁም። አንዷ በጣቷ ሙዙን ነካች። ከሦስቱ በዕድሜ የምትበልጠው፣ ይህን የሳለው ሰው እናቱ ምን አብልታ አሳደገችው አለች።

እናትህን አሰብኳት። ቆጮ በቅጠል ጠቅልላ ከደብተርህ ጋር የምታስይዝህን፣ የትምህርት ቤት ልጆች ሲስቁብህ ተደብቀህ የምትበላውን ነግረኸኛል። ከዚህ በላይ መቀመጥ አልቻልኩም። በራሳችን ቋንቋ፣ ሚስቱ ነኝ አልኳቸው። እሱ ሙዝ አልሳለም፣ ሌላ ሰው ነው የጨመረው፣ አይቼ ያሳለፍኩት እኔ ነኝ አልኳቸው። ትልቋ አላጽናናችኝም። ታዲያ ለምን ዝም አልሽ አለችኝ። እንግዳ ነበር አልኳት። ከንፈሯን መጠጥ አድርጋ ራሷን ነቀነቀች፤ ገብቷታል። ቀጥላ ግን፣ ከሙዙ ሥር ምን ነበር አለችኝ።

ዓይኖች አልኳት። በቃል ብነግራቸው አልሆነም። ነጠላዬን በሁለት እጄ እንደ ቅጠል ፊቴ ላይ ገጥሜ በመሃሉ ዓይኖቼን ብቻ አወጣሁላቸው፤ አንተ ያኔ ጓሮ ውስጥ እንዳሳየኸኝ ወደ ግራ ወደ ቀኝ አንቀሳቀስኳቸው። ሴቶቹ ሳቁ፣ የምሕረት አባት። ነርሷ ወጥታ ምን ሆናችሁ እስክትል ድረስ ሳቁ። ትልቋ ሴትዮ እንባዋን እየጠረገች፣ እናቱ ደህና አብልታዋለች አለች። እኔ ነጠላዬን ከፊቴ ማንሳት አቃተኝ፣ እያለቀስኩ ነበር።

በቀጣዩ እሑድ ሽማግሌዎቹን አስፈቅጄ ከአምልኮ በኋላ በጉባኤው ፊት ቆምኩ። ቶማስ እንሰቱን ያውቃል፣ ሙዙን አይቼ ያሳለፍኩት እኔ ነኝ አልኩ። መጽሐፉ ያላችሁ ሁሉ አምጡልኝና ላስተካክለው ብዬ ለመንኳቸው። አንዳንዱ አቀረቀረ፣ አንዳንዱ ፈገግ አለ። የገሱባው ሰውዬ ወሬው ደርሶት ደወለልኝ፤ አስተያየቴን አንስቻለሁ፣ ግን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ነው የተናገርኩት፣ አሁን ማንን ሰብስቤ ልንገር አለኝ። ለእኔም ያው ጥያቄ ነው።

ለምሕረት ነገርኳት፣ ለናትናኤል እሷ ነገረችው። እሱም ደወለልኝ። አልተቆጣም። እናቴ፣ ያን ቀን ብትነግሪኝ ኖሮ እዚያው ቁጭ እንዳልሽ አጠፋው ነበር፣ ቀላል ነገር ነው አለኝ። ከሰማሁት ነቀፋ ሁሉ ይህ በለጠብኝ። ይከፋዋል ብዬ የሸሸግኩለት ነገር ለእሱ የደቂቃ ሥራ ነበር። ይቅርታ ጠየቀኝ፤ ይቅርታ ጠያቂዋ ማን መሆን እንደነበረባት አንተ ታውቃለህ። ለሚቀጥለው ኅትመት መጥቶ እንሰቶቼን እንዲያይ ጋብዤዋለሁ። ሲመጣ ከዳታው፣ ከዚያ ከሚያቃጥለው የበርበሬ ድልሃችን ጋር ቆጮ አበላዋለሁ፣ ካቃጠለውም ይናገር፣ እኔ እንደሆንኩት እንዳይሆን።

አሁን ሰዎች መጽሐፋቸውን ይዘው ይመጣሉ። ቴሌቪዥኑን ወደ ጎን ገፍቼ በጠረጴዛህ ላይ እሠራለሁ። ሙዙን በነጭ ፍሉይድ አጠፋለሁ፣ ሲደርቅ ቅጠሉን በአረንጓዴ እሞላለሁ፣ መሃሉ ላይ ሁለቱን ዓይኖች በጥቁር እስክሪብቶ አደርጋለሁ። እጄ እንዳንተ አይደለም። ጋሽ ላሊሶ የራሳቸውን ተቀብለው መነጽራቸውን አድርገው አዩና፣ የኔው አንጁሎ ሸውራራ ሆኗል አሉኝ። ልቀይረው ብል እንቢ አሉ። ሌላዋ ደግሞ በጣም የደነገጠ ነው የኔ፣ ባለሙያው ከእርከን ሌላም ነገር የጠየቀው ይመስላል አለች። አንተ ብትኖር ይህን ሁሉ አስተያየት ይዘህ ገብተህ እንደገና ትስለው ነበር። እኔ የምችለው ይህችን ብቻ ናት።

ሁሉም አልመጣም። አዲስ አበባ የተሸጡት አሉ፣ ወዴት እንደሄዱ የማላውቃቸው አሉ። እዚያ ሙዝህ ተንጠልጥሎ ይኖራል፤ የሚያየው ሰውም ምንም አይመስለውም። ይህን ሳስብ እንቅልፌ ይሸሻል።

የራሴን መጽሐፍ ግን አላስተካከልኩትም። ፍሉይዱን አንስቼ ተውኩት። ሙዙ እንዳለ፣ ያንጁሎ ዓይን እንደተሸፈነ ሳሎን አስቀምጬዋለሁ። እንግዳ ሲመጣ አወጣለታለሁ፤ ይገልጣል፣ ያቺ ገጽ ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ ያየኛል፣ እኔም እነግረዋለሁ። በየጊዜው አፍራለሁ፣ በየጊዜው ግን እነግረዋለሁ። አንተን የማስታውስበት መንገድ ይኸው ነው፤ እስክንገናኝ ድረስ አልተወውም።

ጓሮ ያሉት እንሰቶች ደህና ናቸው። ትልቋ ማዚያ፣ የሳልካት፣ ለመቆረጥ ደርሳለች፤ ሌላዋን ተክቼልሃለሁ። እረፍ፣ የኔ ሰው። ከእንግዲህ ሰው ሲስቅብህ አብሬ አልስቅም።

ሚስትህ፣
የምሕረት እናት
ከሶዶ